እርማት፦ ውሻ በዱላ አይሰለጥንም

ወንድሜ፣ «ውሻ ካልተመታ አይታዘዝም፤ ለራሊ ኦቢዲየንስ (የውሻ ታዛዥነት) ውድድርም ገመዱን አሳጥረህ፣ አፍህን ዘግተህ ነው የምታለማምደው» ብለሃል። እዚህ ደሴም ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ስህተት ነው።

በራሊ ውሻና ባለቤት ጎን ለጎን እየሄዱ በየምልክቱ ላይ የታዘዘውን ይሠራሉ፦ ቁጭ፣ ተኛ፣ ዙር። እየሄድክ ማውራትና ማበረታታት ይፈቀዳል። የውሻ ውድድር በሚያዘጋጀው በአሜሪካ ኬኔል ክለብ ደንብ ነጥብ የሚያስቀንሰው የተወጠረ ገመድ ነው። ቁጣም ያስቀጣል።

የእኔዋን ውሻ ጠዋት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ፣ ግቢ ውስጥ አለማምዳታለሁ። ቁራሽ ዳቦ ከአፍንጫዋ ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ሳብ አደርጋለሁ። ቀና ስትል ቂጧ በራሱ መሬት ይነካል። «ጎበዝ!» እላትና እሰጣታለሁ። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በቃ። እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ተመትታለች፤ እጅ ሲነሳ ጆሮዋን አስተኝታ መሬት ላይ ትለጠፍ ነበር። እንዲያ የፈራ ውሻ ትእዛዝህን አይሰማም፤ እጅህን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

«የፈረንጅ ዘር ካልሆነ አይሆንም» ያልከውም ልክ አይደለም። ክለቡ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ ቅልቅል ውሾችንም ያወዳድራል።

ዱላውን አስቀምጥና ነገ በቁራሽ ዳቦ ጀምር።