የጣና ላይ ስለት

ባሕር ዳር ለስብሰባ የመጣን የመሥሪያ ቤት ሰዎች እሑድ ጠዋት "ዘጌ ደርሰን እንመለስ" ተባባልን። 12 ሆነን ጀልባ ተከራየን። በኪራዩ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ላይፍ ጃኬት ሲታደለን ግን ሁሉም "ፎቶ ያበላሻል" ብሎ ወንበር ሥር ወረወረው።

ሩቡ መንገድ በሰልፊ አለቀ። ገንዘብ ያዣችን ጋሼ ማንም ሳይጠይቃቸው "እኔ አዋሽን በዋና እያቋረጥኩ ነው ያደግኩት" አሉን።

ክብራን ደሴት አጠገብ ስንደርስ ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ጠፋ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ በስብሰባው እንኳ አላየሁም። ጃኬቶቹ ከወንበር ሥር ወጡ። እኔ ጋ ሲደርስ አለቀ። ጋሼ ሁለት ደርበዋል፤ አንዱን እንደ ጋቢ።

ከዚያ ስለቱ ወረደ። ጸሐፊያችን ለክብራን ገብርኤል ጃንጥላ ተሳለች። ክብራን ሴት አይገባበትም፤ ማን ያድርስላት? ጋሼ ደግሞ ለዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ምንጣፍ ተሳሉ። "ሙሉ ወለሉን!" አሉ፣ እንድንሰማቸው ጮክ ብለው።

ጀልባ ነጂው ልጅ ካንዴላውን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። ይኼኔ አንድ ሰውዬ በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ ወደ ከተማ እየቀዘፈ መጣ። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ሰውዬው እስከ መቀመጫው ርሷል። ብርቱካናማ ጃኬታችንን አንድ በአንድ አየና "እንደምን አደራችሁ" ብሎን አለፈ።

ሞተሩ ተነሳ። ጋሼ አንዱን ጃኬት አወለቁ።

ዘጌ አይታረስም። የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በሬና ሞፈር ከልክለዋል ይባላል፤ ሰዉ በቡናው ነው የሚኖረው። በቡናው ጥላ ሥር፣ ትንንሽ ታንኳ በሚሸጡ ልጆች ታጅበን ኡራ ደረስን። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ሁላችንም አንገታችንን ቀና አድርገን ስናይ ጋሼ ብቻ አቀርቅረዋል። ወለሉን በእርምጃ ይለካሉ። ለካ ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ብቻ ሳይሆን ሰፊም ነው።

"ይሄ ሁሉ?" አሉ በሹክሹክታ።

ሲወጡ ጧፍ ገዙ። ያውም ተከራክረው።

ስንመለስ ከሰዓት ሆኗል። ከሰዓት ጣና ነፋስ አያጣውም፤ ማዕበሉ የጀልባውን ጎን በጥፊ ይለው ጀመር። ጋሼ ገና መልህቅ ሳይነሳ ሁለቱንም ጃኬት ለብሰው ተቀምጠዋል። ወደ ኡራ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሺ፣ ግማሹን" አሉ።