መድኃኒት እምቢ አላት ወይስ መሳፈሪያ?

በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና ክፍል ለሚሠራ ሰመመን ሰጪ ኬታሚን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ይህ ማደንዘዣ እንደ ሌሎቹ ትንፋሽን ስለማያዳክም፣ መብራትና ማሽን በሚቸግርበት ቦታ ሁሉ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ።

አሁን ስሙ የሚነሳው ግን በድባቴ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ከማደንዘዣው በእጅጉ ያነሰ መጠን በደም ሥር ሲሰጥ ሕመሙን በሰዓታት ውስጥ እንደሚያቀል አሳየ፤ የተለመዱት ክኒኖች ሳምንታት ይፈጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤስኬታሚን የተባለውን በአፍንጫ የሚነፋ ዓይነት ፈቀደ። ለማን? ቢያንስ ሁለት መድኃኒቶችን በበቂ መጠንና ጊዜ ወስዶ ላልተሻለው።

እኔን የያዘኝ ይህች «በበቂ» የምትል ቃል ናት።

የሰሜን ሸዋዋ አጣዬ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ቤቷ የነደደባትን አንዲት እናት አስቡ። እንቅልፍ አጣች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ትበረግጋለች። ጻድቃኔ ማርያም ተወስዳ ተጠመቀች። ቆይታ ሐኪም ዘንድ ቀርባ አሚትሪፕቲሊን የተባለ የድባቴ ክኒን ለአንድ ወር ታዘዘላት። (ጠበሉና ክኒኑ እንደማይጣሉ የነገራት አልነበረም፤ ይህም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።) በሁለተኛው ወር መሳፈሪያ አጣች፤ ክኒኑ አለቀ። ቤተሰቡ «መድኃኒቱም እምቢ አላት» አለ። መድኃኒቱ መቼ ተሞከረና!

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ስለ ኬታሚን ሰምቶ በስልክ «ይህን አስደርጉላት» ቢል አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ እፎይታው ብዙውን ጊዜ ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደበዝዛልና ሕክምናው ይደጋገማል። የደም ግፊት ይጨምራል። ከራስ አካል የመለየት ስሜትም ያመጣል፤ ጥይት ሲያስሮጣት ለኖረች ሴት ያ ስሜት ምን እንደሚቀሰቅስባት ማን ያውቃል? ከዘግናኝ ገጠመኝ ለሚመጣ የአእምሮ ጉዳት ያለው ማስረጃ ለድባቴ ካለው የሳሳ ነው። ሱስ የሆነባቸው ሰዎች ፊኛቸው ሲጎዳም ታይቷል።

ይህ ሁሉ ግን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። የሚፈለገው የአእምሮ ሐኪም፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ከሕክምናው በኋላም ሁለት ሰዓት ያህል አጠገቧ የምትቀመጥ ነርስ ነው። መርፌው ውድ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ቢጀመር ደስ ይለኛል። የምፈራው ገንዘብ ላለው ብቻ በየግል ክሊኒኩ መሸጥ ሲጀምር ነው።

ደግሞም ከዚያ በፊት የሚቀር ሥራ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባት የቀረበትን ሕፃን ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች። ክኒኗ ያለቀባትን እናትስ ለምን እንደ ቀረች ማን ይጠይቃት? የሁለተኛውን ወር ክኒን በአቅራቢያዋ ካለው ጤና ጣቢያ የምትወስድ ቢሆን ኖሮ መሳፈሪያው ባላስቀራት ነበር።