«ጀግናችንን መልስልን» ለሚሉ አንባቢዎች

ለአንድ ወዳጄ በሩቅ መጪ ዘመን የሚካሄደውን የፍራንክ ሄርበርትን የሳይንስ ልብ ወለድ «ዱን» ያዋስኩት ጊዜ በአራት ቀን ጨርሶ ተከታዩን ለመውሰድ ቤቴ ድረስ መጣ። ተከታዩ «የዱን መሲሕ» ግን ሦስት ሳምንት እጁ ላይ ከረመ። ሲመልስልኝ ዕልባቱ ከማለቂያው ሠላሳ ገጽ ያህል ቀደም ብሎ እንደተሰካ ነበር። «ይህ ሰው ፖልን ምን አደረገብኝ?» አለኝ የታሪኩን ጀግና አንሥቶ፤ ድምፁ ውስጥ ዘመድ የተጎዳበት ሰው ቅሬታ ነበር።

ወዳጄ ብቻውን አይደለም። «የዱን መሲሕ» እ.ኤ.አ. በ1969 ከወጣ ጀምሮ የተከታታዩ አፍቃሪዎች በሁለት ጎራ ቆመው ይሟገቱበታል። አንዱ ወገን የሄርበርት ደፋር ሥራ ነው ይላል፤ ሌላው የተወደደን ጀግና ያበላሸ መጽሐፍ ነው ብሎ ያዝንበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2024 የወጡት፣ ከ«ዱን» የተሠሩት የዴኒ ቪልነቭ ፊልሞች አዳዲስ አንባቢዎችን ስላመጡ ሙግቱ እንደገና ተቀስቅሷል። እኔ በዚህ ሙግት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቅሬታዎች ተደባልቀዋል ባይ ነኝ። አንደኛውን እቀበላለሁ፤ ሁለተኛውን አልቀበልም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ለምን እንዲህ እንደተወደደ ያነበበው ሁሉ ያውቃል። ከ20 በላይ አሳታሚዎች መልሰውት፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው በመኪና ጥገና መጻሕፍት የሚታወቅ ድርጅት ነው። አባቱ በክህደት የተገደለበት ልጅ፣ ፖል፣ ከእናቱ ጋር ወደ በረሃ ይሸሻል። ውኃ እጅግ ውድ በሆነበት ምድር፣ ምራቅን እንትፍ ማለት የሰውነትን እርጥበት እንደ መስጠት ተቆጥሮ የአክብሮት ምልክት በሆነበት ሕዝብ መካከል ይጎለምሳል፤ ግዙፉን የአሸዋ ትል ይጋልባል፤ ተመልሶም ዙፋኑን ይይዛል። አንባቢ ከእርሱ ጋር ተጠምቶ፣ ከእርሱ ጋር ድል አድርጎ ነው መጽሐፉን የሚዘጋው።

ተከታዩ ሲከፈት 12 ዓመት አልፏል። ፖል ንጉሠ ነገሥት ነው፤ በስሙ የተነሣው ሃይማኖታዊ ጦርነት ዓለማትን አዳርሷል። አንድ ቦታ ላይ ለታማኙ ለስቲልጋር የጥንቱን የሂትለርን ታሪክ ያነሣበታል፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰው ገደለ ይለዋል። ስቲልጋር በቁጥሩ ብዙም አይደነቅም። ፖል ቀጥሎ የራሱን ይቆጥራል፤ በትንሹ ሲገመት 61 ቢሊዮን ሰው፣ ሕይወት የጠፋባቸው 90 ፕላኔቶች። ይህን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ቆየሁ። ትሉ ላይ ሲወጣ በደስታ የተከተልኩት ልጅ ነበርና።

አሁን ወደ ቅሬታዎቹ። መጽሐፉ ይንዛዛል የሚሉት እውነታቸውን ነው። ከመጀመሪያው በጣም ያጠረ ሆኖ ሳለ አብዛኛው በቤተ መንግሥት ንግግር ያልቃል። ሴረኞቹ ገና ከጅምሩ ተሰብስበው ዕቅዳቸውን ይዘረግፋሉ፤ ጦርነቱን በወሬ እንሰማዋለን፤ የናፈቅነው በረሃ አብዛኛውን ጊዜ ከመስኮት ማዶ ነው። እንጨት እንጨት የሚሉ ምዕራፎች አሉበት። ይህን የተናገረ ሰው «አልገባህም» ሊባል አይገባም። አንዳንድ የሄርበርት አድናቂዎች ቅር የተሰኘን አንባቢ ሁሉ ማንበብ እንደማይችል ሲቆጥሩት በጣም ያናድደኛል።

«ጀግናችንን ከዳው» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሄርበርት በመጀመሪያው መጽሐፍ ነግሮናል። ፖል ገና በሽሽቱ ወቅት፣ ድንኳን ውስጥ ሆኖ፣ በቤተሰቡ ሰንደቅ ሥር የሚነደውን ጦርነት በራእይ ያያል፤ ይፈራዋልም። የበረሃው ሕዝብ የሚጠብቀው የአዳኝ ትንቢትም ቤኔ ጌሰሪት የተባለው የሴቶች ማኅበር ለራሱ መጠቀሚያ አስቀድሞ የዘራው ነው፤ እናትና ልጅ ይህን እያወቁ ተጠልለውበታል። ሁሉም እዚያው ተጽፏል። እኛ ዓይናችን ትሉ ላይ ስለነበር አለፍነው።

ከአንባቢ ሁሉ ቀድሞ የተቀየመው ደግሞ አርታኢ ነበር። ጆን ካምቤል የመጀመሪያውን ታሪክ በመጽሔቱ በተከታታይ ያወጣ ሰው ነው። ሁለተኛው ሲቀርብለት ጀግናው የሚወድቅበትን ታሪክ አልወደደውምና መለሰው፤ «ጋላክሲ» የተባለ ሌላ መጽሔት አወጣው። ሄርበርት አንባቢው ፖልን ስላመለከበት ተናዶ ሁለተኛውን ለቅጣት ጻፈው ሲባልም እሰማለሁ። ደራሲው ራሱ ግን የሁለተኛውና የሦስተኛው መጽሐፍ አንዳንድ ክፍሎች የመጀመሪያው ሳይጠናቀቅ ተጽፈው እንደነበር ተናግሯል። እንግዲህ ውድቀቱ ከመነሻው የታሰበ ነው፤ ገና ያልነበረን አንባቢ ማን ይቀጣል?

ቪልነቭ ይህን በሚገባ የተረዳው ይመስለኛል። በመጽሐፉ የፖል ፍቅረኛ ቻኒ ከጎኑ ትቆያለች፤ በ2024ቱ ፊልም ግን ሌሎቹ ሲንበረከኩ እርሷ ቆማ ትቀራለች፣ ብቻዋንም ትሏን ጠርታ ትሄዳለች። ተመልካቹ ጥርጣሬውን በእርሷ ፊት ላይ ያነብበዋል። መጽሐፉ ለአንባቢው እንዲህ ያለ እርዳታ አልሰጠውም፤ ድንጋጤው ሁሉ ለሁለተኛው ቅጽ የተጠራቀመው ለዚህ ነው። እኔ ድንጋጤውን እመርጣለሁ።

ማለቂያው ላይ ፖል ዓይኑ ጠፍቷል። ቻኒ መንታ ወልዳ ሞታለች። በበረሃው ሕዝብ በፍሬመን ሕግ ዓይነ ስውር ለበረሃ ይተዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱን ማን ያስገድደዋል? እርሱ ግን ሕጉን አክብሮ ብቻውን ወደ አሸዋው ይሄዳል። ከትሉ ጀርባ ላይ ከወጣበት ቀን ይልቅ በዚህች ሌሊት ወደድኩት። ወዳጄ ሳያነብ የመለሳቸው ገጾች እነዚህ ናቸው። መጽሐፉን ወደ መደርደሪያዬ ስመልሰው ዕልባቱን ከቦታው አላነሣሁትም።