ጋሼ፣ እኔ እና ባለ መስታወቱ ክፍል

ሚስቴ እኔንና ታላቅ ወንድሟን ለማቀራረብ ከተነሳች ቆይታለች። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ዝምታቸው የሚያስፈራ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ እሳቸው ፊት እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ አላውቅም። ነገሩ ያልጣማት ሚስቴ ለሁለታችን አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ ሦስት ሌሊት ባሕር ዳርቻ ያዘችልን። «ቡቲክ ሆቴል ነው፤ ሰፈሩም ሞቅ ያለ ነው» አለችኝ። ቡቲክና ሞቅ ያለ የሚሉት ሁለት ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ የገባኝ ሻንጣዬን ካስገባሁ በኋላ ነው።

ልብስ ቤት ሲሆን ቡቲክ ማለት ዕቃው ጥቂት፣ ዋጋው ብዙ ማለት ነው። ሆቴልም ላይ ያው ነው፤ ጥቂቱ ነገር ክፍሉ ነው። አንዳችን ሻንጣ ለመክፈት ሌላችን አልጋ ላይ መውጣት ነበረብን። የባሕር እይታ አለው ተብሎ ነበር፤ አለውም። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ግራ የጠመዘዘ ሰው በሁለት ሕንጻ መካከል አንዲት ሰማያዊ ክር ያያል። ጋሼ ጠምዝዘው ካዩ በኋላ «60 ዲግሪ» ብለው ገቡ።

ከዚያ በፊት ግን የእንግዳ መቀበያው ጉዳይ አለ። እንዲህ ያለ ሆቴል እንግዳውን «እንደ ቤተሰብ» ነው የሚቀበለው። ከልጆቻቸው የሚያንስ ወጣት ጋሼን በስማቸው ጠርቶ፣ «እንዴት ነህ?» ብሎ፣ እጅ ለእጅ ለመማታት መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋላቸው። ጋሼ የተዘረጋውን መዳፍ ለአፍታ ተመለከቱና ፓስፖርታቸውን አስቀመጡበት።

መታጠቢያ ቤቱ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም እዚያ ብዙ ቆይቻለሁ። ከአልጋዎቹ የሚለየው ግድግዳ መስታወት ነው። ብዥ ያለ መስታወት አይደለም፤ መጋረጃም የለውም። ወለል ብሎ የሚያሳይ፣ በጥንቃቄ የተወለወለ መስታወት። ይህን የነደፈው ባለሙያ ሁለት ፍቅረኞችን አስቦ እንደሆነ ይገባኛል፤ የሚስት ታላቅ ወንድም የሚባል ፍጡር በዓለም ላይ መኖሩን ግን የነገረው የለም። ጋሼ መስታወቱን አዩ። እኔ ጋሼን አየሁ። ከዚያ ሁለታችንም ጣሪያውን አየን።

በዚህ መልኩ ሳንነጋገር ስምምነት ላይ ደረስን። እሳቸው ፎጣ ሲያነሱ እኔን ድንገት ባሕር ማየት ያምረኛል። እኔ ፎጣ ሳነሳ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለችውን ሥዕል ለማየት ይወጣሉ። ሥዕሏ ሦስት ሰማያዊ መስመሮች ናት። ጋሼ በሁለተኛው ቀን ሁለት ጊዜ፣ በየመልሱ ሃያ ሃያ ደቂቃ አጠኗት። ሠራተኞቹ ልባቸው ተነክቶ ስለ ሠዓሊው የሚያብራራ ወረቀት አመጡላቸው። ጋሼም አነበቡት፤ ምን ያድርጉ፣ እኔ ገና እየታጠብኩ ነው።

በሦስተኛው ጠዋት ውጪው ሲዘንብ መምህርነታቸው ተቀሰቀሰ። «ሙቁን ውሃ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ክፈተው» አሉኝ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው። «እንፋሎቱ ከቀዝቃዛው መስታወት ጋር ሲገናኝ ጤዛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግባ።» እውነትም መስታወቱን ጉም ሸፈነው። ሳይንስን ያመሰገንኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው። የቡቲክ ሆቴል የውሃ ማሞቂያም ቡቲክ መሆኑን ግን ሁለታችንም ረስተናል። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እያለ ሙቁ ውሃ አለቀ፤ ጉሙም ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይገለጥ ጀመር። ጋሼ በዝናብ በረንዳ ላይ ሆነው 60 ዲግሪ ሲዞሩ በአንድ ዓይኔ አየኋቸው።

እስካሁን የተናገርኩት የቀኑን ነው። ሌሊቱ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ፣ ከእኛና ከባሕሩ መካከል ያለው ጭፈራ ቤት ድምፅ ማጉያውን ሲሞክር ጋሼ አጽናኑኝ። ቀን ላይ የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከባሕር ወደ እኛ ይነፍሳል። ማታ ግን የብሱ ፈጥኖ ይቀዘቅዛልና ነፋሱ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። «ሙዚቃውን ይዞት ይሄዳል፤ ዓሦቹ ይጨነቁበት» አሉ። ነፋሱ የተባለውን አደረገ፤ መጋረጃውም ወደ ውጪ ተነፋ። ዲጄው ግን ፊዚክስ አልተማረም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ በራሱ ጊዜ ይራመድ ጀመር።

ወደ መቀበያው ወረድኩ። ወጣቱ «ሰፈሩ እኮ ሞቅ ያለ ነው!» አለኝ፣ ሽልማት እንደሚሰጥ ሰው። አላጠፋም፤ ነገሩ የዘር ነው። ቡቲክ የሚለው ስም የገነነው እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ዮርክ ላይ ከተከፈተው ሞርጋንስ ሆቴል ጋር ነው። የከፈቱት ኢያን ሽሬገርና ስቲቭ ሩቤል ደግሞ ከዚያ በፊት ስቱዲዮ 54 የተባለው የታወቀ የምሽት ክበብ ባለቤቶች ነበሩ። በመሃሉ በግብር ጉዳይ ታስረው ወጥተዋል። ስለ ጩኸቱም ሆነ ስለ ክፍሎቹ ጥበት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልጠየቅሁም።

ጋሼ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ቀጭኑ ድምፅ አይደለም ችግሩ፤ ወፍራሙ፣ ባሱ ነው» አሉ። «ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገበው ባስ፣ አንዱ ሞገድ ብቻ 7 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህ ክፍል ስንት ሜትር ይሆናል?»

«አራት ቢሆን ነው፣ ጋሼ።»

«አየህ፤ አይበቃውም። ግማሹ ጎረቤት ነው የሚያድረው።»

ያኔ ነው ትራሴ ሥር ትንሿን ሣጥን ያገኘኋት። ላይዋ ላይ ፈገግ ያለች ጨረቃ ተስላለች፤ ውስጧ ሁለት የጆሮ ቡሽ። ለክፍሉ ሁለት፤ ማለትም ለአንድ ሰው። ሆቴሉ ሰፈሩን ሲያስተዋውቅ ያልተናገረውን ሁሉ በእነዚህ ሁለት ብርቱካናማ ስፖንጆች ተናዟል።

«እርስዎ ይውሰዱ» አልኩ።

«የለም፣ አንተ።»

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ።»

ይህ ለአንድ ሙሉ ዘፈን ያህል ቀጠለ። በመጨረሻ ጋሼ አካፈሉን፤ አንድ ለእሳቸው፣ አንድ ለእኔ። በጣታቸው ሲጋራ እንደሚጠቀልል ሰው አቅጥነው አሽተው፣ በሌላ እጃቸው ከራሳቸው በላይ ዞረው ጆሯቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው፣ ከተቱት። እስኪያብጥ ድረስ በጣታቸው ይዘው ቆዩ። እንደ ተማሪ ደገምኩት። የቀረውን ጆሮ ትራስ ይደፍነዋል፤ በጎን መተኛት ብቻ ነው። አልጋዎቹ ጎን ለጎን ነበሩና፣ እሳቸው የቀኙን እኔ የግራውን ጆሮ ስለደፈንን፣ ፊት ለፊት ሆነን ቀረን።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይኔን ስገልጥ ጋሼ እያዩኝ ነው። ባሱ አሁንም ከአልጋው ብረት በኩል ይመጣል። እኔ እንደ ልማዴ ጉልበቴን ሰብስቤ ተኮራምቻለሁ።

«አንተ» አሉኝ፤ ቡሽ የገባለት ሰው ሹክ ሲል ይጮኻል።

«አቤት ጋሼ!»

«እግርህን ዘርጋ እንጂ!»

ዘረጋሁ። መስታወቱን መታሁት።