መልስ መጠየቅ ለምን ያሳፍረናል?

ከአገር ቤት ሄዶ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ፎቁ፣ ስለ አዲሱ መንገድና ስለ ኑሮ ውድነቱ ነው፣ እኔን ግን በዚህኛው ጉዞዬ ሲከነክነኝ የከረመው በጣም ትንሽ የምትመስል ነገር ናት፣ መልስ። የታክሲ መልስ፣ የሱቅ መልስ፣ የካፌ መልስ። የምኖረው ጀርመን ስለሆነ ሳላስበው እያወዳደርኩ ነው የከረምኩት፣ እና የገባኝ ነገር ቢኖር እኛ ጋ የገዛ ገንዘቡን መልሱልኝ የሚል ሰው እንደ ስስታም እንደሚታይ ነው። ይሄ ደግሞ ልክ አይደለም፣ የሚጎዳውም ደሃውን ነው።

እስቲ ቃሉን ራሱን እዩት። መልስ የምንለው መለሰ ከሚለው ነው የመጣው፣ ለጥያቄ የሚሰጠውም መልስ ነው፣ ሙሽሮቹ ከሰርጉ በኋላ ወደ ሴቷ ቤተሰብ ሲጠሩ የሚደገሰውም መልስ ነው፣ ባለሱቁ የሚቆጥርልን ትርፍ ብርም መልስ ነው። በሁሉም ውስጥ ያለው ሐሳብ ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው፣ ስጦታ ወይም ችሮታ የሚል ነገር የለበትም። ሳንቲም የሚለው ከፈረንሳይኛ መጥቶ የለመድነው ነው፣ መልስ ግን የራሳችን ነው፣ እና ሲጠሩት ራሱ ያንተ ነው እያለ ነው የሚናገረው።

የዝርዝር እጥረትም ዛሬ የመጣ አይደለም። ድሮ በማርያ ቴሬዛ ብር በሚገበያዩበት ዘመን አንዱ ብር ለትንሽ ግዢ በጣም ትልቅ ስለነበር ከሱ በታች ላለው አሞሌ ጨው ነበር የሚያገለግለው፣ ሰው ብሩን ሰጥቶ አሞሌ ይቀበላል። አፄ ምኒልክም የራሳቸውን ገንዘብ ፓሪስ ሲያስመቱ ሙሉ ብር ብቻ አላሉም፣ አላድ አለ ግማሹ፣ ሩብ አለ፣ ተሙን አለ ስምንተኛው። ያለ ዝርዝር ገበያ እንደማይሄድ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው። አሁን አንዳንድ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ካሸሯ ዝርዝር የለኝም ብላ ማስቲካ ወይ ከረሜላ ስትሰጣችሁ ይሄን አስቡት፣ አሞሌው እኮ ገንዘብ ነበር፣ ወስደህ ሌላ ነገር ትገዛበታለህ፣ ማስቲካውን ግን በማግስቱ ይዘህ ብትሄድ እዛው ሱቅ ራሱ ማንም አይቀበልህም። ሳልፈልግ የተሸጠልኝ ዕቃ ነው በቃ።

ታክሲ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ እየሄድን ረዳቱ አንዲት አስር ብር አውጥቶ ለአንዲት እናትና አጠገባቸው ለተቀመጠው ወጣት "ተካፈሉ" ብሎ ሰጠና ወደ በሩ ዞረ። ሁለቱም ዝርዝር የላቸውም። እናትየው ቀድመው ወራጅ ነበሩና "ውሰደው ልጄ ይቅር" ይሉታል፣ እሱ ደግሞ "ኧረ እማማ እርስዎ ይውሰዱት" እያለ እጃቸው ላይ ያስቀምጣል፣ እሳቸው ይመልሱለታል፣ እሱ ይመልስላቸዋል፣ በመጨረሻ እሳቸው እየመረቁት ይዘውት ወረዱ። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ይሄን ጀርመን አታዩትም፣ እውነቴን ነው። ግን ልጁ አምስት ብሩን ያጣው ሳይወድ ነው፣ ደግነቱን ማሳየት የነበረበትም በራሱ ምርጫ እንጂ ዝርዝር ስለጠፋ መሆን አልነበረበትም። ረዳቱም ላይ ብቻ መፍረድ ይከብዳል፣ ታክሲ ተራ አካባቢ ዝርዝር ደርድረው በትርፍ የሚሸጡ ልጆች አሉ፣ ረዳቱ ከነሱ እየገዛ ነው የሚሠራው፣ ጠዋት ሁሉም ተሳፋሪ መቶና ሁለት መቶ ሲዘረጋለት ከየት ያምጣው?

የሚያናድደኝ ግን ያ አይደለም፣ መልሱ እያለ እስክትጠይቅ የሚጠብቀው ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ለምን ሲባል ያፍራል፣ "ለሁለት ብር ነው እንዴ እንደዚህ የምትሆነው" የምትለዋን ንግግር ይፈራል። ሁለት ብር ለኔ ምንም ላይሆን ይችላል፣ በቀን አራት ታክሲ ለምትይዝ ሠራተኛ ግን በወር ተደምሮ ምን እንደሚሆን እሷ ናት የምታውቀው።

እዚህ ጀርመን ዋጋው 1 ዩሮ ከ99 ሴንት ከሆነና ሁለት ዩሮ ከሰጠህ ካሸሯ ያቺን አንድ ሴንት ከደረሰኙ ጋር ታስቀምጥልሃለች፣ አንተም ትወስዳለህ፣ ማንም ቀና ብሎ አያይህም። ባዶ ፕላስቲክና ጣሳ ሳይቀር መልስ አለው፣ ለአብዛኛው 25 ሴንት መያዣ ከፍለህ ትወስድና ማሽኑ ውስጥ ስትከተው ገንዘብህ ይመለሳል፣ በዘነጠ ልብስ ጠርሙስ በከረጢት ተሸክሞ የሚሰለፍ ሰው ሞልቷል። እኛም አገር እኮ የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ መያዣ አለ፣ እዛ ላይ አናፍርም፣ ባለሱቁ ጠርሙሱን ተቀብሎ መያዣውን ሲመልስ ሁላችንም ቆጥረን ነው የምንቀበለው።

አንዳንድ ወገኖቻችን አገር ቤት ሄደው ውጭ አገር የገዛኸው ነገር ሁሉ ይመለሳል እያሉ ያወራሉ፣ እሱ ልክ አይደለም። ጀርመን ሱቅ ገብተህ የገዛኸው ጫማ እንከን ከሌለበት ሱቁ የመመለስ ግዴታ የለበትም፣ የሚመልስልህ ደንበኛ ላለማጣት ብሎ ነው። ግዴታው በኦንላይን ለተገዛ ነው፣ 14 ቀን አለህ፣ ምክንያት አትጠየቅም፣ እዛም ላይ የማይመለሱ ዕቃዎች አሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ደረሰኙ ላይም ግድግዳው ላይም "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል፣ ሰውም እንደ ሕግ ተቀብሎታል። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ዕቃው ጉድለት ካለበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ነው ያስቀመጠው። ይሄን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ቻርጀር ገዝቶ ማታውኑ የተቃጠለበት ዘመዴ ደረሰኙን ይዘህ ሂድ ብለው "ተው ባክህ ለምን እጨቃጨቃለሁ" ነው ያለኝ፣ መብቱን መጠየቅ ጭቅጭቅ መስሎ ነው የሚታየው።

ቴሌብር በ2013 ግንቦት ከመጣ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል፣ እስከ ሳንቲሟ ልክ የሆነውን ትከፍላለህ፣ ስማርት ስልክ ባይኖርህም ይሠራል። ታክሲ ላይ ግን አሁንም ካሽ የሚከፍለው ብዙ ነው።

እኛ ዲያስፖራዎች ደግሞ ለእረፍት ስንሄድ በየታክሲው በየካፌው "ያዘው፣ ያዘው" እያልን ነው የምንዞረው። ለሠራው ሰው ጉርሻ መስጠት ጥሩ ነው፣ መልሱን ተቀብሎ ቆጥሮ ከዛ "ይሄ ላንተ ነው" ብሎ መስጠት ይቻላል እኮ። መልሱ ሳይመጣ ጥለነው ስንሄድ ግን ከኛ ቀጥሎ ያለው፣ እዛው የሚኖረውና በዛው ደመወዝ የሚያድረው ሰው፣ "መልስ ስጠኝ" ሲል ግልምጫ ነው የሚጠብቀው።