ተጣሉና ተኳኳሉ

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ማታ ደብተሯን ታቅፋ መጣችና «ጋሼ፣ ሜክ አፕ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሰው እንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ የተቀመጥኩበት ወንበር ከፍ የሚል ይመስለኛል። «መኳኳል ነዋ!» አልኳት፣ ከስልኬ ቀና እንኳ ሳልል።

«እሺ፣ ይቺን ዓረፍተ ነገር ተርጉምልኝ። ባልና ሚስቱ ተጣሉ፤ በኋላ ግን ሜክ አፕ አደረጉ።»

«ባልና ሚስቱ ተጣሉ፤ በኋላ ግን... ተኳኳሉ።»

«ሁለቱም?»

ኩሽና ውስጥ ባለቤቴ ሳቀች። ደግ ሳቅ አልነበረም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተኳርፈናል። ምክንያቱን አልናገርም። ሠርግ ላይ ስለ አክስቷ ጭፈራ የሆነ ነገር ብዬ ነው፤ ይኸው ተናገርኩ።

«ታረቁ ማለት ነው» አለች ከውስጥ። «አንተማ ከየት ታውቀዋለህ።»

ነገሩ ጉድ ነው። ሜክ ብቻውን ሠራ ነው። አፕ ብቻውን ወደ ላይ ነው። ሁለቱን ብትደምሯቸው ወደ ላይ መሥራት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ወደ ላይ ሲሠራ የማውቀው ኮንዶሚኒየም ብቻ ነው። እንግሊዞቹ ግን ሁለቱን ቃላት አጋብተው የወለዱት ልጅ አባቱንም እናቱንም አይመስልም። ታረቀ ማለት ነው። የሌለ ነገር ፈጥሮ አወራ ማለት ነው። ያመለጠውን አካካሰ ማለት ነው። የአንድ ነገር ክፍል ሆነ ማለትም ነው፤ ለዚህኛው መጽሐፏ የሰጠው ምሳሌ «ሴቶች የክፍሉን ግማሽ ሜክ አፕ ያደርጋሉ» የሚል ሲሆን፣ ልጅቷ እኔን አምና «የክፍሉ ሴቶች ግማሾቹ ይኳኳላሉ» ብላ በእስክርቢቶ ጽፋ ቁጭ ብላለች። መምህሯ ምን እንደሚሉ እግዜር ይወቅ።

ማካካሱን እንኳ ማወቅ ነበረብኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ ይጠፋና ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሊተኛ ሲል፣ ሜካፕ ክላስ ይጠራል። ታሞ ፈተና ያመለጠውም ሜካፕ ይፈተናል። አብራን የምትማር አንዲት ልጅ ለእናቷ ደውላ «እማዬ፣ ቅዳሜ አልመጣም፤ ሜካፕ አለብኝ» ብትላቸው፣ «ቀለም ትቆጥሪያለሽ ብዬ ብልክሽ ቀለም ትቀቢያለሽ?» ብለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

ተመሳሳይ ቃል ጻፉ ሲባል ደግሞ ሌላ ጣጣ። ለመታረቁ ሪኮንሳይል፣ ለፈጠራው ኢንቬንት፣ ለማካካሱ ኮምፐንሴት። ሁሉም የላቲን ዘር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የላቲን ልጅ የሆነውን ፈረንሳይኛቸውን ይዘው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ቃል በገፍ ገባና ወፍራም ወንበሩን ያዘ፣ የአገሬው ሜክ ከነ አፑ ማድቤት ቀረ። እኛም ከግእዝ ጋር ያለን ነገር ይኸው ነው። ጎረቤት ይታረቃል፤ ባለሥልጣን ግን «ዕርቀ ሰላም ያወርዳል»።

የሚያጽናናኝ፣ የራሳቸው ሰው ማመኑ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ያሳተመው ትልቁ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ከግሥ ኋላ ትንሽ ቃል እየለጠፉ ትርጉሙን መለወጥ እንግሊዝኛ ላይ እንደሚበዛና ባዕድ ሰውን ከምንም በላይ የሚያስቸግረው እሱ እንደሆነ ጽፏል። ባዕድ ሰው ያለው እኔን ነው። እሱ ግን ለእኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም። ወጣት ሳለ ሎቦ የሚባለውን የፖርቱጋል ቄስ የሐበሻ ጉዞ ማስታወሻ ከፈረንሳይኛ ተርጉሟል፤ ከመዝገበ ቃላቱ አራት ዓመት በኋላ ደግሞ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ጻፈ። አገራችንን ረግጦ አያውቅም። ልዑሉን በሁለተኛው ትርጉም ሜክ አፕ አደረገው ማለት ነው። በሦስተኛው ትርጉም ያለው ካሳ ግን እስካሁን አልደረሰንም።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ስተነትን ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ፈረንጅ ላይ አትፍረድ» አለች። «አንተ እስቲ ‹ቆረጠ› የሚለውን ቃል አስረዳው።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለትም ራሱ ማስረዳት ያስፈልገዋል፤ ዝም ያለ ሰው ምን አለ? እና ቆረጠ... ገመድ ይቆረጣል። የአውቶቡስ ትኬት ይቆረጣል። ተስፋ ይቆረጣል። ቅዳሜ ክትፎ የበላ ሰው እሑድ ሆዱን ይቆርጠዋል። ጀግና ቆርጦ ይነሳል፣ ወሬኛ ቆርጦ ይቀጥላል። የሚገርመው እነዚህ ሁለቱ፣ ቆርጦ መነሳቱም ቆርጦ መቀጠሉም፣ እንግሊዝኛው ላይ እዚያው ሜክ አፕ ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ ሐሳቡን የወሰነ ሰው ማይንዱን ሜክ አፕ አደረገ ይባላል፣ ዋሾውም ወሬውን ሜክ አፕ አደረገ ይባላል። ማን ከማን እንደቀዳ እንጃ፣ ማንም ከማንም አልቀዳም መሰለኝ።

«የመጨረሻዋ» አለች ልጅቷ እያዛጋች። «ለሰውዬው ሳሎን ሶፋ ላይ መኝታ ሜክ አፕ አደረገችለት።»

አሁንስ ገብቶኛል። «ታረቀችው!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ኩሽና ድረስ እንዲሰማ።

ባለቤቴ እጇን አደራረቀች። መኝታ ቤት ገባች፣ ወጣች። ብርድ ልብሱ ጭኔ ላይ አረፈ።

«ማንጠፍ ማለት ነው» አለች።