ሻንጣችን ውስጥ ተደብቀው ለመጡት ለክቡር አሸዋ

ለክቡር ነጭ አሸዋ
የሻንጣችን የጎን ኪስ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ቤታችንን እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ ተስማማዎት? የጎደለብዎት ነገር አለ? ይሄን የምጠይቀው ለወጉ ነው። ወሎ ውስጥ እንግዳን ፊት ለፊት «መቼ ነው የምትሄደው?» ማለት ነውር ነው። በደብዳቤ ግን የከለከለ የለም።

ከዛንዚባር አብረውን ከመጡ ሁለት ወር ሞላዎት። እንግዳ አንደኛው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ብር፣ ሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ስድሳኛው ቀን ላይ ምን እንደሚባል አልሰማሁም። አሸዋ ሳይሆን አይቀርም።

እርስዎ አልጋዬ ላይ አሉ። ማበጠሪያዬ ውስጥ አሉ። ሦስቴ ያጠብኩት ፎጣ ውስጥ አሉ፤ ያውም ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በጄሪካን ባጠራቀምኩት ውኃ ያጠብኩት። ባለፈው ሳምንት ፓስፖርቴን ስገልጥ ከገጾቹ መሐል ተንሸራተው ወረዱ። ትኬት የቆረጥነው ግን ለሁለት ሰው ነበር።

ታሪኩን ያውቁታል። ቢሆንም ለመዝገብ እንዲሆን ልጻፈው።

ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አሥር ዓመታችን ነው። ጫጉላችንን ያሳለፍነው ሐይቅ ከተማ ነበር። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ሄድን፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ ጥብስ በላን፣ ማታ ቤታችን ገባን። አለቀ። ያኔ ባለቤቴ እሾህ እየለቀመልኝ «በአሥረኛው ዓመታችን ውቅያኖስ አሳይሻለሁ» አለኝ። ሙሽራ የማይለው ነገር የለም ብዬ ተውኩት። ዘንድሮ ዕቁብ ወጣለትና ቃሉን ጠበቀ።

ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በረርን። ከዚያ በቀጥታ ዛንዚባር። ባለቤቴ ለደሴ የጠዋት ጉም የለበሰውን ወፍራም ጃኬት እንደለበሰ ነው የደረሰው። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት አንድ ወላፈን ፊታችንን ገረፈን። «ሞተሩ ነው» አለኝ። ሞተሩ አልነበረም።

እዚያ የሚገባ የውጭ አገር ሰው ከ2024 ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ 44 ዶላር መድን ይከፍላል። እኛም ከፈልን። ሻንጣ ቢጠፋ፣ ሰው ቢታመም ይላል። አሸዋ ቢከተላችሁ የሚል አንቀጽ የለውም። ፈልጌዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ አሳለፍን። እርስዎ ያልነበሩበት ጊዜ እሱ ብቻ ስለሆነ በናፍቆት አስታውሰዋለሁ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ሞተር ሳይክል ሲመጣ ሰው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በሮቹ የተቀረጹ፣ የነሐስ ጉጥ የተመታባቸው ናቸው። ባለቤቴ አንዱን በር ደባብሶ ዋጋ ጠየቀ። ጎትቼ ወሰድኩት።

አስጎብኚያችን ስለ ጦርነታቸው ነገረን። እንግሊዝና ዛንዚባር በ1896 የተዋጉት 38 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው አሉ። በዓለም አጭሩ ጦርነት ነው። ባለቤቴ በጣቱ ቆጠረና «በኛ 1888 አይደል? ነሐሴ? እኛ እኮ የዚያኑ ዓመት የካቲት ዐድዋ ላይ ነበርን» አላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞር ብሎ በአማርኛ «38 ደቂቃ? ደሴ መናኸሪያ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሞልቶ እስኪወጣ እንኳ አይበቃም» አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ስንደርስ ግን ቀልዱ ቆመ። ገበያው በ1873 ተዘግቶ በቦታው ካቴድራል ተሠርቷል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የሰው ሐውልቶች ቆመዋል። ባለቤቴ ኮፍያውን አወለቀ። እስከ ማታ ብዙም አላወራንም።

ከዚያ ወደ እርስዎ መጣን። ወደ ፓጄ፣ ምሥራቁ ዳርቻ።

በነጋታው ጠዋት ባለቤቴ ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ። «ተነሽ! ባሕሩ የለም!»

በመስኮት አየሁ። እውነቱን ነው። ማታ አጠገባችን ሲንኳኳ ያደረው ባሕር የለም። እስከ ዓይን ጥግ እርስዎ ብቻ ተዘርግተዋል። ባለቤቴ በነጠላ ጫማ እየሮጠ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄደ። ባሕር የሚታይበት ክፍል ብለን ነው የከፈልነው፣ ባሕሩ የት አለ ብሎ አቤቱታ አቀረበ። ልጁ ምንም አልደነቀውም። «ፖሌ ፖሌ» አለው። ቀስ በል፣ ይመጣል እንደማለት ነው።

ባሕሩ በተወው ሜዳ ላይ ሴቶች ወገባቸውን አጉብጠው ይሠራሉ። ሙዋኒ የሚሉትን የባሕር ሣር ነው የሚለቅሙት። እንጨት ቸክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ ገመዱ ላይ ያበቅሉታል። ከጥርስ ሳሙና እስከ አይስክሬም ይገባል። እነሱ ጆንያ ሲጎትቱ እኛ አጠገባቸው ፎቶ እንነሳለን። ትንሽ አፈርኩ።

ባለቤቴ አላፈረም። ለወገቤ ጥሩ ነው ብሎ እስከ አንገቱ እንድቀብረው ለመነኝ። ፍልውኃ የመጣ መሰለው። ቀበርኩት። ይሄን ጥፋቴን አምናለሁ። ወደ ቤተሰባችን የገቡት በዚያች ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ መጣ። በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ክቡር ሆይ፣ እስቲ በሞቴ፣ ያን የሚያህል ሕንድ ውቅያኖስ መሄድ ሲያውቅበት እርስዎን ምን ነካዎት?

አሁን ወደ በደልዎ ልግባ። ሁሉንም አልዘረዝርም። ሁለቱ ይበቃሉ።

አንደኛው፣ ስልኬ ቻርጅ አልቀበል አለ። ፒያሳ አንድ ጠጋኝ ልጅ ጋ ወሰድኩት። በመርፌ ቆፈረና እርስዎን መዳፉ ላይ አራገፈዎት። ዓይቶኝ በጣም አዘነልኝ። «እናቴ፣ ሳይት ላይ ነው የምትሠሪው?» አለኝ። ዛንዚባር ደርሼ መጥቼ የቀን ሠራተኛ መሰልኩ። ቅናሽ አደረገልኝ። ተቀበልኩት።

ሁለተኛውን ግን ይቅር የምልዎት አይመስለኝም። ቅዳሜ ጎረቤቶቼን ቡና ጠራሁ። ቄጠማ ጎዝጉዤ፣ ዕጣን አጭሼ፣ አቦሉን ቀዳሁ። አንዷ እትዬ ፉት ሲሉ ቀጭ አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ምላሳቸውን በጣታቸው ነክተው አዩና በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ ቡናሽን አልለቀምሽውም እንዴ?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የባሕር ሰው ነዎት፤ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባዎት ይችላል። ደሴ ላይ ቡና ሳትለቅም የምታፈላ ሴት መባል ቀላል ነገር አይደለም። ዝም ብል ስሜ ጠፋ። «የዛንዚባር አሸዋ ነው» ብል ጉራ ሆነ። ጉራውን መረጥኩ። እትዬ አብሽሪ እንደማለት ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝና «አሸዋ ከሆነማ እኔ በር ላይ አንድ ቢያጆ ተገልብጦልኝ የለ? ምን አውሮፕላን ላይ አስወጣሽ?» አሉ። ቶናውም በረካውም በዚሁ ወሬ ተጠጣ።

ስለ ዘርዎ ላነሳ አልፈለግሁም ነበር። ግን ገፋፉኝ። አስጎብኚያችን የነገሩንን ረሱት? እንደ በቀቀን መንቁር ያለው አንድ ዓሣ አለ። ኮራል የሚባለውን የባሕር ድንጋይ እየጋጠ፣ እየፈጨ፣ የሚጠቅመውን አስቀርቶ የቀረውን በስተኋላው ይለቀዋል። አንዱ ትልቅ ዓሣ በዓመት የሚለቀው በመቶ ኪሎዎች ይቆጠራል። ያ የተለቀቀው ሲከማች ነጭ፣ የሚያምር፣ ፀሐዩን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ በቀትር እንኳ እግር የማያቃጥል አሸዋ ይሆናል። እርስዎን ማለቴ ነው። ሁለመናዎ ከዚያ ባይመጣም ጥቂት የማይባለው የመጣው ከዚያ ነው።

አማቴ ይሄን አያውቁም። ሻንጣው ሲራገፍ ከሥሩ ዘግነው በብልቃጥ ሞሉዎትና ቡፌው ላይ፣ ከደህናዎቹ ሲኒዎች ጎን አስቀመጡዎት። ሰው በመጣ ቁጥር «ልጄ ያመጣልኝ ውቅያኖስ» እያሉ ያሳያሉ። አንድ ቀን ሲስሙዎት አይቻለሁ። አልተናገርኩም።

አሁን ያረፉበት ደሴ ንጉሥ ሚካኤል አዳራሻቸውን አይጠየፍ ብለው የሰየሙበት ነው። ማንም አይጠየፍም፣ ሁሉም ገብቶ ይበላል ለማለት ነው። እኔም አልተጠየፍኩዎትም። ግን አይጠየፍ አዳራሽም ቢሆን ግብሩ ሲያበቃ ሰው እጁን ታጥቦ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ እስከ ፊታችን ሰኞ ድረስ አልጋዬን፣ ማበጠሪያዬንና በተለይም የቡና ዕቃዬን ለቀው እንዲወጡ አሳስባለሁ። ጥቅልሉ መጥረጊያ በሩ ላይ ይጠብቅዎታል። ባለቤቴ ካልሲ ውስጥ ያሉት ግን እዚያው ቢቆዩ ግድ የለኝም፤ የጠራዎት እሱ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የቤቱ እመቤት

ግልባጭ፦
ለሕንድ ውቅያኖስ፣ የጎደለውን ቆጥሮ እንዲረከብ
ለባለቤቴ፣ ሃያኛውን ዓመት ሐይቅ እንድናከብር
ለአማቴ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ከሰኞ በፊት የማይከፈት